እታገኝ ሐዋሳን ልታይ ነው

በጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር፣ እታገኝ የምትባል ብስክሌት አከራይ ነበረች። ሴት ብስክሌት ታከራያለች እንዴ የምትሉ ካላችሁ ጅማን አታውቋትም። ጅማ ሜዳ ናት። ተማሪው በብስክሌት ነው፣ ፖስተኛው በብስክሌት ነው፣ ቡና ሰብሳቢው ከነሚዛኑ በብስክሌት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜማ አባወራው ፍየል ከኋላ አስሮ ሲያልፍ ዞሮ የሚያየው ሰው የለም። የራሱ ብስክሌት የሌለው እታገኝ ዘንድ ይሄዳል።

ትውልዷ ሊሙ ገነት ነው። በአስራ ስድስት ዓመቷ ጅማ መጥታ አንድ ግሪክ የቡና ነጋዴ ቤት ወጥ ቤት ገባች። ግሪኩ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ሁለት ብስክሌት ትቶላት ሄደ። ሌላዋ ብትሆን በማግስቱ ሸጣ ወርቅ ትገዛበት ነበር። እታገኝ ግን ግድግዳ አስደግፋ በሰዓት ታከራያቸው ጀመር። ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ብስክሌቶቿ ዘጠኝ፣ ዕድሜዋም አርባ ሦስት ደርሶ ነበር።

እጇ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። ካቴናው ሲንጫጫ ሰምታ የትኛው ብስክሌት ከየትኛው መንገድ እየመጣ እንደሆነ ከጓሮ ሆና ትናገራለች። አፏ ደግሞ አይጣል ነው። አዲስ ለማጅ የመጣ እንደሆነ መንገዱ ዳር ቆማ፣ ወገቧን ይዛ፣ "ጎማውን አትይ፣ መንገዱን እይ! ትከሻህን ልቀቀው፣ ማን ሊወስድብህ ነው?" እያለች ሰፈሩን ታነቃዋለች። ከኪቶ እስከ ሄርማታ ያለ ብስክሌት ነጂ ሁሉ በእሷ አፍ የተማረ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ ጠጋ በሉ። ይህች ሴት በዕድሜዋ አንድም ቀን ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም።

አልዋሸችም። የጠየቃት ሰው የለም። መጀመሪያ ያፈረችው በቀሚሷ ነበር፤ በኋላ በዕድሜዋ፤ በመጨረሻ ደግሞ የምታፍረው ለብዙ ዓመት በማፈሯ ሆነ። ብስክሌት ከቦታ ቦታ ስታዛውር እየገፋች ነው የምትሄደው። ሰው ሲያያት "የትልቅ ሰው ወጉ ነው፣ በንብረቷ ላይ አትቀብጥም" ይላል እንጂ አትችልም ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ዘጠኝ ብስክሌት ያላት ሴት ብስክሌት አትችልም ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩን ያመጣው ጓድ ጣሰው ነው። ጓድ ጣሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ሲሆን ስለ ሴቶች እኩልነት መናገር ከጀመረ ከረሃብ በስተቀር የሚያስቆመው ነገር የለም። በጥር ወር፣ በሁለተኛው እሑድ፣ የሴቶች ማኅበር ለሴቶች ቀን ምን እንደሚያዘጋጅ ሊመክር አዳራሽ ሲሰበሰብ እሱም መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። በመሃል ምሳሌ ፈለገና ዓይኑ እታገኝ ላይ አረፈ።

"ለምሳሌ ጓድ እታገኝን ውሰዱ። ብስክሌት ታከራያለች፤ ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ትንዳ ማለታችን ግን አይደለም፤ ተፈጥሮም የራሷ ድርሻ አላት።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰውዬው ሳያውቅ ቁስሏን ነካት። ደሟ ፈላ፤ ፊቷ ጋለ፤ ከወንበሯም መቼ እንደተነሳች አላወቀችም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ለሴቶች ቀን ከዚህ ከጅማ ተነስቼ ሐዋሳ ድረስ በብስክሌት እሄዳለሁ።"

ሐዋሳን ለምን እንደመረጠች ብትጠይቋት አታውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ሸኩር የሚባለው ቡና ጫኝ የኤንትሬ መኪና ሹፌር ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ሲያወራ ሰምታ ነበርና ስሙ ምላሷ ላይ ተገኘ። ምጽዋ የሚል ቢሆን ኖሮ ምጽዋ ትል ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ፣ መፈክሩ ተስተጋባ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ጥሩአየሁም አንገቷን አቀርቅራ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው። አይ እታገኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከአፍ ወጥቶ ቃለ ጉባኤ ላይ የገባ ደግሞ ከአፋፍም ይብሳል። በዚያን ጊዜ የተጻፈ ነገር ውሳኔ ነው፤ ውሳኔን ያጠፈ ሰው እሑድ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለሂስ ያደርጋል። ምን ብላ ልታደርግ ነው? "እናንተን ስሰድብ፣ ሳስተምር፣ ስቆጣ የኖርኩት ሴትዮ ብስክሌት መንዳት አልችልም" ልትል ነው? ከዚያ በኋላ ማን ከእሷ ይከራያል? ማንንስ ትቆጣለች? ያላት ስሟ ነው፤ ስሟም ያለው ዘጠኙ ብስክሌት ላይ ነው። ያን ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም።

ሰኞ ጠዋት በሯን የከፈተችው ሐጂራ ናት። ሐጂራ ልብስ ሰፊ ስትሆን ሱቋ ከእታገኝ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ሲጨዋወቱ ኖረዋል። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ገባችና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"እኔንም አስጽፊኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ሐዋሳ ነዋ! ትናንት ማታ ሲነግሩኝ ዋላሂ ከመኝታዬ ተነሳሁ። ልጅ ሆኜ ሸቤ ሳለሁ የወንድሜን ብስክሌት እየሰረቅሁ ስነዳ አባቴ ነው በልምጭ ያስተወኝ። አሁን አባቴም የለ፣ ባሌም የለ። ማን ይከለክለኛል?"

እታገኝ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሐጂራ ግን ሜትሯን አውልቃ ስለ ሱሪ ማውራት ጀምራ ነበር። ከቀሚስ ሥር የሚለበስ፣ ቁርጭምጭሚቱ በላስቲክ የተያዘ፣ ከካኪ የተሰፋ ሱሪ። "እግርሽን ዘርጊ" አለቻት። እታገኝም እግሯን ዘረጋች፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ ሁለቱም ሴቶች አበዱ። ሐጂራ ከአንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ካርታ ለምና አመጣች፤ የትራስ ልብስ የሚያህል የግድግዳ ካርታ። የስፌት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በልብስ ሜትር ይለኩት ጀመር።

"ከጅማ ወልቂጤ፣ አራት ሳንቲ" አለች ሐጂራ ካርታው ላይ አጎንብሳ። "ከወልቂጤ በጉራጌ ተራራ አቋርጠን ቡታጅራ፣ ሁለት ተኩል። ቡታጅራ ዝዋይ አንድ ሳንቲ አትሞላም፣ እሷን እየዘፈንን ነው የምንጨርሳት። ከዝዋይ በላንጋኖ አድርገን ሐዋሳ፣ ሦስት። ድምሩ አስር ተኩል። የአንድ ሕፃን ካናቴራ እጅጌ እኮ ነው እታገኝ!"

"ይኼ ቡናማው ምንድነው?"

"ተራራ።"

"ሁሉም?"

"ሰማያዊውን እዪ አንቺ። ቡናማውን ለምን ታያለሽ?"

እታገኝ ሰማያዊውን አየች። በዕድሜዋ ካየችው ውኃ ሁሉ ትልቁ ጊቤ ነበር፤ እሱም ሲያልፉበት ያልፋል። እዚህ ካርታ ላይ ግን ዝዋይ፣ አብያታ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ ሰማያዊ ሰማያዊ ሆነው ተደርድረዋል። ጣቷን አንዱ ላይ አደረገች፤ ግራሶ ነካውና ጥቁር ነጥብ ቀረ፤ ሐጂራም ለአስተማሪው ምን እንደምትለው እያሰበች ሳቀች።

ሸኩር ሹፌሩን ጠርተው መንገዱን አስነገሩት። ሸኩር በእጁ እያሳየ ያሉትን አቀበቶች አንድ በአንድ ቆጠረላቸው፤ ከሰርቦ ማዶ ያለውን፣ ሰኮሩን፣ ከጊቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን፣ እሱ እንኳ በመጀመሪያ ማርሽ እያለቀሰ የሚወጣውን።

"ቁልቁለቱስ?" አለችው እታገኝ።

"ቁልቁለቱማ ራሱ ይወስድሻል፣ እሱ ምን አለው?" አላት ሸኩር። ቡና የጫነ ኤንትሬ የሚያሳስበው አቀበቱ ነውና።

ስለዚህ ያለ የሌለ ዝግጅታቸው ለአቀበት ሆነ። ለአቀበት በሶ ተበጠበጠና ተቀመሰ። ለአቀበት ዳቦ ቆሎ ተቆላ። ብስክሌት የሚጎትቱበት ገመድ ተገዛ። የትኛው ከተማ ማን ዘንድ እንደሚያድሩ ተጻፈ፤ ሰኮሩ የሐጂራ አክስት፣ ወልቂጤ የሸኩር እህት፣ ቡታጅራ ደግሞ የማያውቋት አንዲት ሴት፣ የሸኩር እህት የምታውቃት። ሦስት የጎማ ከመነዳሪ፣ አንድ ፖምፓ፣ ሙጫ፣ የመርፌ ቆርቆሮ፣ ዝናብ ቢመጣ ላስቲክ። ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰና ሰው ሁሉ የሚጨምረው ነገር አመጣ፤ አንዷ ሚጥሚጣ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ሐዋሳ ለሚኖር ወንድሙ አምስት ኪሎ ማር። ማሩን ማን ይሸከመዋል ብላ የጠየቀች የለችም። እታገኝ በየቀኑ እየሳቀች ነው የምትውለው። ውሸት ሆኖ የጀመረው ነገር ራሱ አማራት፤ ሐዋሳን ማየት ፈለገች፤ ከስሟ እኩል ፈለገችው። ፍርሃቷም በዚያው ልክ ጨመረ፤ አሁን የምታጣው ሁለት ሆኗልና።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቀን ንጋት ላይ ሐጂራ ሁለት ብስክሌት አስወጣችና ኪቶ ፉርዲሳ ወዳለው የግጦሽ ሜዳ ይዛት ሄደች። ከላሞች በቀር ማንም የለም።

"ውጪ" አለቻት።

"አንቺ ቅደሚ።"

ሐጂራ ወጣች፤ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰች። እታገኝ እንደቆመች ናት፣ ብስክሌቱን በሁለት እጇ ይዛ።

"ውጪ እንጂ።"

"ጎማው የተነፈሰ መሰለኝ።"

"አልተነፈሰም።" ሐጂራ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። "እታገኝ።"

"እ?"

"አትችዪም?"

እታገኝ ዓይኗን ጎማው ላይ ተከለች። ሐጂራ ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ጣለችና ተቀመጠች፤ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ተጋደመች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ላሞቹ ቀና ብለው አዩ። "ያ ረቢ" ትላለች ሐጂራ፣ "ያ ረቢ፣ አስራ አንድ ዓመት!" እታገኝ መጀመሪያ ተቀየመች፤ በኋላ ቅያሜዋ ሳታውቀው ሳቅ ሆኖ ወጣ።

"ለሰው ትናገሪያለሽ?"

"ለማን ብዬ? ጃባዱ፣ በርቺ አሁን፣ ተነሺ" አለች ሐጂራ ዓይኗን እየጠረገች። "ጎማውን አትዪ፣ መንገዱን እዪ። ትከሻሽን ልቀቂው፣ ማን ሊወስድብሽ ነው?"

"ይኼ እኮ የእኔ ንግግር ነው።"

"በግድግዳው ስሰማው የኖርኩት ነው። ታዲያ አንቺ ለምን አትሰሚውም?"

አምስት ሳምንት ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፣ ክርኗ አበጠ፤ ሰው ሲጠይቃት "ደረጃ ጥሎኝ ነው" ትላለች፤ ቤቷ ደረጃ የለውም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሐጂራ ከኋላ መያዟን ትታ እሷ ሳታውቅ ሃምሳ ሜትር ሄደች። ስታውቅ ወደቀች፤ ከወደቀችበት ግን እየጮኸች ነው የተነሳችው። በአምስተኛው ሳምንት ቀጥ ብላ መሄድና ወደ ቀኝ መታጠፍ ቻለች። ወደ ግራ አልሆነላትም። ወደ ግራ ስታስብ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ያስባል። "ምን ቸገረሽ" አለቻት ሐጂራ፣ "ወደ ግራ መሄድ ስትፈልጊ ሦስቴ ወደ ቀኝ ትዞሪያለሽ።"

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ከአውራጃ መውጣት አይታሰብም። ጓድ ጣሰው ፎርሙን አየና "የጉዞው ምክንያት" የሚለው ላይ ብዕሩን አሳረፈ። መከልከል አልቻለም፣ ቃለ ጉባኤው አለ። መፈረምም ፈራ።

"መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኑ የሚጠየቀው ማነው?" አለ። "እሑድ ጠዋት ጅሬን ትወጡና ትወርዳላችሁ። ኮሚቴው ከታች ሜዳው ላይ ሆኖ ያያል። ችሎታችሁ ከታየ እዚያው እፈርማለሁ።"

ጅሬን ከጅማ በላይ ያለው ተራራ ነው፣ የአባ ጅፋር ግቢ ያለበት። የካቲት ሃያ፣ እሑድ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ሁለቱ ሴቶች ተነስተው ሰው ሳያያቸው ዳገቱን በእግራቸው እየገፉ ወጡት። ከላይ ሆነው ሲያዩ ከተማዋ ጠፍጣፋ ሆና ተዘርግታለች፤ ከሥር ሜዳው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰብስቧል። ጓድ ጣሰው ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሌላ ቀበሌ ጨምሮ ጠርቷል። እታገኝ ካኪ ሱሪዋን ሳብ አድርጋ ብስክሌቱ ላይ ወጣችና ወደ ታች አየች።

"ሐጂራ።"

"እ?"

"ፍሬን የለንም።"

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በጅማ ፍሬን ያለው ብስክሌት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሜዳ ላይ ፍሬን ምን ያደርጋል? የጅማ ሰው ማቆም ሲፈልግ የጫማውን ሶል ከጎማው ጋር ማጣበቅ ነው። የዘጠኙን ብስክሌት ፍሬን አንድ በአንድ የፈታችው እታገኝ ራሷ ናት፤ "ልጆች ፍሬን እየያዙ ጎማ ይበሉብኛል" ብላ። የሰባት ቀን መንገድ ሲያቅዱ፣ በሶ ሲበጠብጡ፣ ካርታ ሲለኩ፣ የወጡት ተራራ እንደሚወረድ አንዳቸውም አላሰቡም። ሜዳ ላይ የኖረ ሰው የሚፈራው ዳገት ነው።

"ገፍተን እንውረድ" አለች ሐጂራ።

"ሦስት ቀበሌ እያየን?"

ሐጂራም ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ከዚያ የሆነው ነገር ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እታገኝ "የሐጂራ ጎማ ገፋኝ" ትላለች፤ ሐጂራ "ራሷ ናት የሄደችው" ትላለች። ብቻ ሄደች።

መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። ሻርፗን ወሰደው። የሸራ ጫማዋን ጎማው ላይ ብትጭነው ሶሉ ጨሰና እግሯን ሰበሰበች። ከሰል የጫነ አህያ አለፈች፤ አህያው ነው የሸሸው። ባለ ዱላ ሽማግሌ "ሱብሃነላህ" ብለው አጥር ገቡ። ሐጂራ ከኋላ "ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ" ትላለች። እታገኝ ጥርሷን ነክሳ ሞቷን ትጠብቅ ነበር፤ ሞቱ ግን ዘገየ፤ ሲዘገይባት ጊዜ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ደስ አላት። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው በፊቷ ሽው ሲል ያየችው ነገር ይኼ ነበር ለካ! እየጮኸች ሳቀች። ዛፉም አጥሩም አለፈ፤ "ሂድ! ሂድ!" ትላለች፣ ማንን እንደምትል እንጃ።

ከሥር ሲደርስ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። እታገኝ ደግሞ ወደ ግራ አትችልም። ቀጥ ብላ ሕዝቡ መሃል ገባች፤ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ በኮሚቴው ጠረጴዛ አጠገብ አልፋ የጓድ ጣሰውን ወረቀት በነፋሷ በተነችው፤ ከሜዳው ጫፍ ካለው የቡና መፈልፈያ ግቢ ገብታ ቤት በሚያህለው የገለባ ክምር ውስጥ ጠፋች። ሐጂራም ተከትላት መጣችና እላይዋ ላይ አረፈች።

ከገለባው ሲጎትቷቸው ጭብጨባው ገና አልቆመም ነበር። ማንም አልጠረጠረም። ሁሉም ያየው ፍጥነትን ነው። ተማሪዎቹ "አቦ፣ ወይ እታገኝ!" ይላሉ። ጓድ ጣሰው እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ፊቱ በርቷል።

"ጓዶች፣ ዓይናችሁ ያየው ነው! ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለው። ይህን የመሰለ ችሎታ ለሁለት ሰው ብቻ መቅረት የለበትም። ከወጣቶች ማኅበር ሰባት ልጃገረዶች በጓድ እታገኝ መሪነት፣ በራሷ ብስክሌቶች፣ አብረው ሐዋሳ ይሄዳሉ።"

ሰባቱ ልጃገረዶች ከፊት ተሰልፈው ነበር። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ሁሉንም መንገድ ዳር ቆማ ነው ያስተማረቻቸው። እነሱ የሚያዩት እሷን ነው። አንደኛዋ ዕድሜዋ አስራ አምስት አይሞላም። እታገኝ ጅሬንን ቀና ብላ አየችው፤ የሸኩርን የጊቤ በረሃ ቁልቁለት አሰበች፤ ያ ሁሉ ደስታ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ዝም ብትል ስሟ ተርፏል። ይለፉም ሊፈረም ነው። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለሂስ አለኝ" አለች።

"ግለሂስ ዛሬ በአጀንዳው የለም።"

"ይግባ።" ገለባውን ከፊቷ ጠረገች። "እነዚህ ልጆች በእኔ ብስክሌት ቁልቁለት አይወርዱም። ፍሬን የላቸውም፣ እኔ ነኝ የፈታሁት። አሁን ያያችሁትም ችሎታ አይደለም፤ ማቆም አቅቶኝ ነው። እኔ ብስክሌት አልችልም ነበር። ሐጂራ ናት ያስተማረችኝ፣ ከጀመርኩ አምስት ሳምንቴ ነው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።"

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተቀበለው፤ ሳቁ እየሰፋ ሄዶ እታገኝ ጆሮዋ ላይ ደረሰና አቃጠላት። ሐጂራ እጇን ያዘቻት።

ጓድ ጣሰው ፊቱ ጠቆረ። ሦስት ቀበሌ ፊት መሳቂያ ሆኗል። "እንግዲያው ይለፉ ተሰርዟል" አለና ብዕሩን መለሰው።

ያኔ ነው ጸሐፊዋ ጥሩአየሁ እጇን ያወጣችው። ጥሩአየሁ በስብሰባ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሥራዋ መጻፍ ነው። የጥር ወሩን ገጽ ገለጠችና አነበበች።

"'ጓድ እታገኝ ለሴቶች ቀን ከጅማ ሐዋሳ በብስክሌት እንድትሄድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።' የሚለው ይኼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ትችላለች የሚል የለበትም። ፊርማው የእርስዎ ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጓድ ጣሰው ወረቀቱን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ሰባቱን ልጆች ሰርዞ፣ "ፍሬን ከተገጠመ" የሚል ጨምሮ፣ ለሁለት ሰው ለአስራ አምስት ቀን ፈረመ።

ይለፉ ኪሷ ገባ። ስሟ ግን የት እንደገባ ሰኞ ታወቀ። ሰኞ ከንጋት ጀምሮ በሯን ከፍታ ተቀመጠች፤ ብስክሌት የሚከራይ አልመጣም። ሌላ ቀን በሁለት ሰዓት ተማሪዎቹ ተጋፍተው አንድ አይቀርላትም ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። ዘጠኙም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት ፍሬን አግኝታ እየገጠመች ነበር፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው።

"መጣ ሰው?" አለች ሐጂራ በግድግዳው።

"ማንም።"

"ይመጣሉ።"

እታገኝ አላመነቻትም። መፍቻውን አስቀመጠች። ሐዋሳ ደርሳ ብትመለስም የምትመለሰው ወደምን እንደሆነ አሰበች።

በአራት ተኩል ግድም በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ብትል ወይዘሮ ተስፋነሽ ናቸው፣ የጓድ ጣሰው ባለቤት። ልትገሠጽ እንደሆነ ገመተችና ብድግ አለች። ወይዘሮ ተስፋነሽ ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ታጥቀዋል፤ ብስክሌቶቹንም እንደ በግ ገዢ አንድ በአንድ ያያሉ።

"በስንት ሳምንት ነው አልሽ የቻልሽው?"

"በአምስት፣ እትዬ። ግራ መታጠፍ አሁንም አልችልም።"

"ዕድሜሽ አርባ ሦስት ነው አሉኝ።"

"አዎን።"

"እኔ ሃምሳ አንድ ነኝ።" አንዱን መቀመጫ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። "አራቱንም ልጆቼን አንቺ ነሽ ያስተማርሽልኝ። በመስኮት አይሻለሁ። ይህቺ ከነብስክሌቱ የተወለደች ናት፣ የእኔ ነገር ግን አልፏል እል ነበር። ትናንት ስትናገሪ ነው የሰማሁሽ።" ፔዳሉን በእግራቸው አዞሩት። "ማክሰኞ ሳምንት ትሄዳላችሁ አይደል? ሳትሄዱ አንድ ጊዜ አውጪኝ።"

እታገኝ ዓይኗን በግራሶ እጇ ጠረገችና ፊቷን አጠቆረችው። ከዚያ ዝቅተኛውን ብስክሌት መርጣ አወጣችላቸው።

"በጓሮ በኩል እናውጣው እትዬ? የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከፊት ለፊታችን ነው፤ ጓድ ጣሰው በመስኮቱ ያያል።"

"አውቃለሁ የት እንደሚቀመጥ" አሉ ወይዘሮ ተስፋነሽ፣ ጫማቸውን እያጠበቁ። "በፊት ለፊት ነው የምንወጣው።"